የጃርት ወስፌና የቁራ ጩኸት

በሉ ሰብሰብ በሉ። አንቺ ልጅ፣ ጋቢዬን አትጎትቺ፤ ለሁላችሁም ይበቃል። ይርጋ፣ አንተም ና ቁጭ በል። የሕፃናት ጫማ ሱቅ ልከፍት ነው፣ ሞንታርቦ ተከራይቼ ከተማውን ላናውጠው ነው ስትል ሰምቼሃለሁ። ተረት ለልጅ ብቻ መስሎሃል? እንግዲያው ስማ።

ድሮ ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ሲጨቃጨቁ፣ ስሟን የሚያስታውስ በጠፋ በአንዲት አገር፣ አንዲት ጃርት ነበረች። እመት ጃርት ይሏታል። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በእጇ ሥራ ነው። ምን ትሠራ መሰላችሁ? ወስፌ! ያው ሰፌድና ሞሰብ ሲሰፋ የሚወጋበት ነገር። ከገላዋ የሚረግፈውን እሾህ ትለቅማለች፣ በድንጋይ ትሞርዳለች፣ በጉሎ ዘይት ታሻለች። የእሷ ወስፌ ስንደዶ መሃል ገብቶ ሲወጣ ስንደዶው መወጋቱን እንኳ አያውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ የምትሸጠው ከትልቁ ሾላ ሥር፣ ከአንዲት የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጣ ነው። መደቧ ከአያቷ ለእናቷ፣ ከእናቷ ለእሷ የወረደች ናት። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለተቀመጠችባት ድንጋዩ በእናቷ ልክ ጎድጎድ ብሏል። እመት ጃርት እዚያ ስትቀመጥ እናቷ ያቀፈቻት ይመስላታል፤ ለልጆቿም የምታወርሰው ሌላ ነገር የላትም።

ታዲያ አንድ ዓመት ምን ሆነ? የድሮ ደንበኞቿ ስፌት የሚችሉ አይጦች ነበሩ። ድመት በዛብን ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው አገር ለቀቁ። ወስፌውን የሚጠይቃት ጠፋ። የገበያው ዳኛ አባ ጎሽ ደግሞ ሕጉ ሕግ ነው፤ «ሦስት ቅዳሜ ተቀምጦ አንድም ያልሸጠ መደቡን ለሌላ ይለቃል» ይላል። አያ ጅቦ ይህን ሰምቶ ምራቁን እየዋጠ መጣ። ከመደቧ ፊት ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ቦታውን በእርምጃ ይለካል።

«እዚህ ጋ የጎድን አጥንት እደረድራለሁ፣ እዚህ ጋ ቅልጥም! እመት ጃርት፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝማ፣ ጥጉን ልየው!»

«ገና አልሞትኩም አያ ጅቦ!»

«ኧረ ዕድሜ ይስጥሽ! እኔ የምለው ስትለቂ ነው።»

 ይህን ጊዜ ከሾላው ቅርንጫፍ ላይ አጅሬ ቁራ ዱብ አለ። ቁራ የገበያው ለፋፊ ነው፤ በጩኸቱ የሚኮራ፣ ሆዱ ደግሞ ከጩኸቱ የሚበልጥ።

«እመት ጃርት፣ የቸገረሽ ድምፅ ነው። ለአንድ ቅዳሜ ጩኸት አንድ ዱባ ስጪኝና ገበያውን በሙሉ እግርሽ ሥር አፈስልሻለሁ።»

«እሺ፣ ግን ወስፌ እኮ የሚፈልገው…»

«ማን እንደሚፈልገው አትንገሪኝ! ለሁሉም ነው። እኔ ስጮህ ሰባት ተራራ ይሰማል።»

ምን ታድርግ? ለልጆቿ ካስቀመጠችው ዱባ አንዱን አንከባልላ ሰጠችው።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ደረሰች። ቁራ ሾላው ጫፍ ላይ ወጣ፣ ደረቱን ነፋ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ቋ! ቋ! ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዝሆን እስከ ጉንዳን ለሁሉም የሚሆን ነገር ከሾላው ሥር መጥቷል!»

ወይ ግርግር! ዝሆኑ፣ አህያው፣ እንቁራሪቷ፣ ሁሉም ተጋፍቶ መጣ። በዚያችው ሰዓት ከወንዙ ዳር ካለው ግራር ላይ ቢጫ ቢጫ ነገር ብርርር ብሎ ወደ ማዶ ተሻገረ። ማንም ልብ አላለውም። እናንተ ግን ልብ በሉ።

«ምንድን ነው? ይበላል?» አለ ዝሆን።

«ይጠጣል?» አለች እንቁራሪት።

«ጭነት ያቀልላል?» አለ አህያ፤ ምስኪን፣ ሌላ ምን ይጠይቅ።

«የለም፣ ወስፌ ነው። ስፌት ይሰፉበታል» አለች እመት ጃርት።

ዝሆን ጆሮውን አራገበ። «እኔ በዚህ እግሬ ሰፌድ ልስፋ? አስቂኝ ነገር ነሽ!» ብሎ ሄደ። ሌላውም እያጉረመረመ ተበተነ። አያ ጅቦ ብቻ ቀረ፤ አንዱን ወስፌ አንስቶ አሸተተና «ይሄማ ቀጭን አጥንት ነው!» ብሎ ቀርጠፍ አደረገው። ምላሱን ወጋው። «ወይኔ ምላሴን!» እያለ በገበያው መሃል ሲዘል የድንች ቁልሉን ሁሉ በታተነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድም ወስፌ አልተሸጠም። ቁራ ግን ደስ ብሎት ወረደ።

«አየሽ? ስንት ጆሮ ሰማ!»

«ጆሮስ ሞልቶ ነበር፤ የሚገዛው እጅ ግን የት አለ?» አለች።

«ወሬው ጨው አንሶታል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ትልቅ ዱባ አዘጋጂልኝ።»

ሁለተኛዋ ቅዳሜ መጣች። ትልቁን ዱባ ሰጠችው። እሱም ሾላው ጫፍ ላይ ወጣ፣ ደረቱን ነፋ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ቋ! ቋ! ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሽታ የሚነቅል፣ ፀጉር የሚያበቅል፣ ሽማግሌ የሚያጎለምስ ነገር ከሾላው ሥር መጥቷል!»

«ኧረ ተው አንተ ቁራ! ወስፌ ፀጉር አያበቅልም!» ብላ ጮኸች ከታች።

«ዝም በይ! ገበያ ነው!» አላት ከላይ።

ከወንዙ ዳር ያ ቢጫ ነገር ደግሞ ብርርር ብሎ ማዶ ተሻገረ። ገበያው ግን ካለፈው ሳምንት እጥፍ ሞላ። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው ዝንጀሮ ነው። ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እመት ጃርት፣ እኔ… ፀጉር የሌለኝ ቦታ አለኝ።»

«የት ጋ ነው?»

«እሱ አይጠየቅም!» አለና መድኃኒት መስሎት ወስፌው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ልጆች፣ ዝንጀሮ ሲዘል አይታችኋል፤ እንደዚያን ቀን ግን ማንም ዘሎ አያውቅም! ከመደቡ ተነስቶ ሾላው ጫፍ ላይ ቁራ አጠገብ ሄዶ አረፈ። ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። የሳቀውም ሁሉ ሳይገዛ ሄደ። ሦስት ቀን ሙሉ ቆሞ የበላው ዝንጀሮ አባ ጎሽ ዘንድ ከሰሳት።

አባ ጎሽ መጥቶ በከባዱ ፊቷ ቆመ። «እመት ጃርት፣ ይህን ውሸት ማን አስወራ?»

«ጌታዬ፣ ከአፌ አንዲት ውሸት አልወጣችም! ቁራ ነው!»

«አፉን የተከራየሽው ግን አንቺ ነሽ» አላት። «እናትሽ እዚህ መደብ ላይ ስትኖር ከአፏ የወጣው ሁሉ እውነት ነበር። አንድ ቅዳሜ ቀርቶሻል። ገበያው ሳይፈታ አንድ ወስፌ ካልተሸጠ መደቧ ለጅብ ናት።»

ይህ ነገር ከእሾህ በላይ ወጋት። አጎንብሳ ከገበያው ወጣች።

ማክሰኞ ቀን የረገፈ እሾኋን ልትለቅም ወንዝ ዳር ስትሄድ የሆነ ልቅሶ ሰማች። ቀና ብትል ከግራሩ ላይ አንድ ቢጫ ወፍ፣ ከእነዚያ አክርማ የሚባለውን ሣር ሰፍተው ቤታቸውን ከቅርንጫፍ ከሚያንጠለጥሉት ወፎች አንዱ፣ መንቆሩን ይዞ ይነፋረቃል።

ድሮ ቢሆን «ወስፌ ግዛ!» ትለው ነበር። አሁን ግን ከግራሩ ሥር ቆም አለችና «ምን ሆንክ ወንድሜ?» አለችው።

«ምን ያልሆንኩት አለ! ሦስት ቤት ሰፋሁ፣ ሦስቱንም ሚስቴ አፈረሰችብኝ! ትመጣለች፣ በመንቆሯ ጎተት ታደርጋለች፣ ‹ስፌቱ ላልቷል፣ እንቁላሌ ሊወድቅ ነው እንዴ?› ትልና ታፈርሰዋለች። በመንቆሬ ስወጋው አክርማው ይሰነጠቃል። ይኸው አፌ ቆሰለ። ይሄ አራተኛው ነው። ይሄንን ካፈረሰች እናቷ ቤት ትሄዳለች!»

«አንተ ብቻ ነህ እንዲህ የሆንከው?»

«ኧረ ሰፈሩ በሙሉ! ወንዱ ሁሉ ይሰፋል፣ ሴቷ ሁሉ ታፈርሳለች። ወሩ አክርማ የሚደርስበት ነው፣ ሌላ ጊዜ የለንም።»

እመት ጃርት ዓይኗ በራ። ከጉያዋ አንድ ወስፌ አውጥታ «በል በዚህ ሞክረው» አለችው። ወፉ በአንድ እግሩ ጨበጠው፣ ወጋ፣ አክርማውን አሾልኮ ሳበ። አልተሰነጠቀም። ደግሞ ወጋ፣ ሳበ። ቤቱን ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ ሰፍቶ ሲጨርስ ሚስቱ መጣች። ጎተት አደረገችው። ዝም። ነቀነቀችው። ዝም። ተንጠላጥላ ተወዛወዘችበት። ዝም! ከዚያ ገባችና ከውስጥ አንገቷን ብቅ አድርጋ «አንጥፍልኝ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ?» አለችው።

ወፉ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋ። «ውለታሽን በምን ልክፈል?» አላት።

«ለጎረቤቶችህ ንገርልኝ። ከዘር የወረደ ሙያ ነው በል፣ በጉሎ ዘይት የታሸ፣ በጥቁር ድንጋይ የተሞረደ፣ እናቴም…»

«ቆይ ቆይ» አላት ወፉ። «ይሄን ሁሉ ማን ያዳምጥልሻል? የጎረቤቴ ችግር እኮ የጉሎ ዘይት አይደለም። የጎረቤቴ ችግር ሚስቱ ናት!»

እመት ጃርት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቀችው ሳቅ ነው። «እውነትህን ነው። እንግዲያው ይህችን ብቻ በል፤ ሚስት የማታፈርሰው ስፌት፣ ቅዳሜ፣ ከሾላው ሥር።»

«እሷን አንድ ጊዜ ብቻ ባንሾካሹክ ይበቃል» ብሎ በረረ።

ሦስተኛዋ ቅዳሜ ደረሰች። ቁራ እንደልማዱ ዱባውን ሊቀበል መጣ።

«ዱባ የለኝም፤ የቀረችው አንዷ ለልጆቼ ናት» አለችው።

«ዱባ ከሌለ ድምፅም የለም! ያለ እኔ ማን እንደሚመጣልሽ አያለሁ» አለና ተኮሳትሮ፣ ሾላው ቅጠል ውስጥ ገብቶ አንገቱን ክንፉ ሥር ቀብሮ ተኛ።

ረፋድ ሆነ፣ ማንም የለም። ቀትር ሆነ፣ ማንም የለም። አያ ጅቦ የአጥንት ጆንያውን ተሸክሞ መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። አባ ጎሽም መጥቶ ቆመ። እመት ጃርት የእናቷን መደብ በእጇ ዳሰሰችና «አደራሽን በላሁ እናቴ» ብላ አንገቷን ደፋች።

ይህን ጊዜ ከወንዙ በኩል ሰማዩ ቢጫ ሆነ። ብርርርር! የወፍ መንጋ! እያንዳንዱ በመንቆሩ የማሽላ ዘለላ አንጠልጥሏል። ከመደቧ ዙሪያ ሰፈሩና ዘለላቸውን መሬት አስቀምጠው «ሚስት የማታፈርሰው የቱ ነው?» «ለእኔ ቀጭኑን!» «ኧረ እኔ እቀድማለሁ፣ የእኔዋ እናቷ ቤት ሄዳለች!» እያሉ ወስፌውን ያገላብጡ ጀመር።

ቁራ በጫጫታው ነቃ። ወደ ታች ቢያይ ገበያው ሞልቷል። እንዴት ይችለዋል! ያለ እሱ ጩኸት? ሾላው ጫፍ ላይ ወጣ፣ ደረቱን ነፋ፣ ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ፣

«ቋ! ቋ! ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ይህን ገበያ የሞላሁት እኔ ቁራ ነኝ! ዱባዬን ቁረጡልኝ!» አለ።

ብርርርር! ወፎቹ ዘለላቸውን በትነው፣ ወስፌውን ጥለው፣ እንደመጡ ወደ ማዶ ተሻገሩ። አንድ እንኳ ሳይሸጥ መደቧ ባዶዋን ቀረች። እመት ጃርት እጇን እንደዘረጋች ደርቃ ቀረች። አያ ጅቦ ብድግ አለ።

«ተሸጠ? አልተሸጠም! አባ ጎሽ፣ ፍረድ!»

አባ ጎሽ ግን የሚያየው ወደ ላይ ነው። «ምንድን ነው የሆነው?» አለ።

ከእመት ጃርት እሾህ መሃል አንድ ነገር ተርገፈገፈ። ያ የማክሰኞው ወፍ ነው፤ ሲደነግጥ ከጀርባዋ ላይ ተወሽቆ ቀርቷል። ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ።

«ሄደ? ቁራው ሄደ?»

«ለምን ሸሻችሁ?» አለ አባ ጎሽ።

«እንዴት አንሸሽ! ቁራ እኮ እንቁላል ሌባችን ነው! እሱ ‹ቋ› ሲል እኛ ነፍሳችንን ይዘን ማዶ እንሻገራለን። ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎችም ወደ ገበያ ልንመጣ ስንል እሱ ሲጮህ ሰምተን ማዶ ሸሸን!»

 ከዚያ መጀመሪያ የሳቀችው ማን ናት? ራሷ እመት ጃርት! «ጉድ በሉኝ! የልጆቼን ሁለት ዱባ ሰጥቼ ደንበኞቼን በእጄ አባረርኩ!» አለች። ዝሆኑ ሳቀ፣ አህያው ሳቀ፣ ያ ዝንጀሮ እንኳ ቂጡን እያሻሸ ሳቀ። አባ ጎሽ እንደምንም ሳቁን ዋጠና ቁራን አየው።

«አንተ! ገበያው እስኪፈታ ድረስ አንዲት ‹ቋ› ከአፍህ ብትወጣ በቀንዴ ነው የማናግርህ!»

ወፉ ማዶ ተሻግሮ ሰፈሩን በሙሉ ይዞ ተመለሰ። ከዚያማ ምን ልንገራችሁ! ዘለላው ተቆለለ፣ ወስፌው አለቀ፣ የመጨረሻውን ሁለት ወፎች ጎትተውት ሊጣሉበት ሲሉ እመት ጃርት ከጀርባዋ ሌላ ነቅላ አስታረቀቻቸው። ከግራሩ በኩል የሚስቶቹ እልልታ ይሰማል።

አያ ጅቦ ጆንያውን አንጠልጥሎ ሊሄድ ሲል እመት ጃርት ጠራችው። «አያ ጅቦ፣ ቅልጥም ስትበላ ውስጥ የቀረውን መቅኔ በምን ታወጣዋለህ?»

«አይወጣም እንጂ! ስንቱ መቅኔ አንጀቴን አቃጥሎኝ ቀርቷል!»

አንድ ወስፌ ሰጠችው። አንድ ቅልጥም አውጥቶ ጎርጎር ቢያደርግ መቅኔው ተንሸራቶ ወጣ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ታዲያ ያኔ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ምላሴን እወጋ ነበር?» አላትና፣ የምትወደውን ዱባ ከየትም ፈልጎ ሊያመጣላት ቃል ገብቶ ሄደ። እውነትም አመጣላት፤ ከየት እንዳመጣው ግን አትጠይቁኝ።

ቁራስ? ቁራ ኩምሽሽ ብሎ ተቀመጠ። አባ ጎሽ ጠራውና «ድምፅህ ጥሩ ነው፤ የጊዜው ነገር ነው የጎደለው። የአንተ ጩኸት የሚበትን ከሆነ መበተኛው ሰዓት ላይ ጩህልን» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቁራ ከዛፉ ጫፍ «ቋ! ቋ!» ሲል ገበያተኛው ጓዙን ሸክፎ ወደየቤቱ ይገባል። እስከ ዛሬ ድረስ አመሻሽ ላይ የሚጮኸው ለዚያ ነው፤ ካላመናችሁ ማታ ሲመሽ ጆሮ ስጡት።

ይርጋ፣ ምን ትስቃለህ? ሂድና ሞንታርቦውን መልስ። ዳዴ የሚል ልጅ ያላት እናት የት እንደምትውል፣ የልጇ እግር ምን እንዳስቸገራት ጠይቅ። ከዚያ አንዲት ቃል ትበቃሃለች።

እኔ ተረቴን አወረድኩ፣ ጉሮሮዬን አደረቅኩ፤ የሰማ ቆሎ ያቀብለኝ፣ የተኛ ደግሞ ጋቢዬን ይመልስልኝ። የአባቶች ነገር ግን እንዲህ ይላል፦

ለሁሉ ቢጮኹ ጆሮ ይደነቁራል፤ ለፈላጊው ቢያንሾካሹኩ ገበያ ይደራል።